በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል
(ስለ ኑዛዜና ውርስ በአሶሳ ለማኅበራችን አባላት ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በየስብሰባችን ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት እንነጋገራለን። ያጠራቀምነውና የሠራነው ነገር ከእኛ በኋላ ለማን እንደሚደርስ ግን አንነጋገርም። ከመካከላችን አንዷ ብታነሳው እንኳ ሌላዋ «ኧረ ምን ታሟርቻለሽ!» ትላታለች። ነገሩ እዚያው ይቀራል። ዛሬ ይህን ዝምታ ልንሰብር ነው የመጣነው።

ለዝምታችን አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ይመስለናል። በቋንቋችን «ኑዛዜ» ስንል ለንስሐ አባት ኃጢአትን መናገርም ነው፣ ንብረትን ለወራሽ ማስተላለፍም ነው። ሁለቱም በሐሳባችን አልጋ ላይ ከወደቀ በሽተኛ ጋር ተያይዘዋል። ስለዚህ ጤነኛ የሆነች የሠላሳ ዓመት ሴት ኑዛዜ ጻፈች ሲባል አንድ ነገር የታያት ይመስለናል። ሕጉ ግን ነገሩን እንዲህ አያየውም። ማንም ሰው 16 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ኑዛዜ ማድረግ ይችላል። በኋላም ሐሳቡን ከለወጠ በፈለገው ጊዜ ሽሮ ሌላ መጻፍ ይችላል። ኑዛዜ በጤና ጊዜ፣ በሙሉ አእምሮ፣ በእርጋታ የሚሠራ ሥራ ነው። ጣር ላይ ያለ ሰው ግን ለዚህ ጊዜም አቅምም የለውም።

«እኔ ምን አለኝና?»

ሁለተኛው ምክንያታችን ይህ ነው። ኑዛዜ የባለ ፎቅና የባለ ፋብሪካ ነገር ነው ብለን እናስባለን። እስቲ አብረን እንቁጠር። ባለ ቆርቆሮ ቤት ያላት አለች። በጓሮዋ ማንጎ ያላት፣ ፍየልና በግ የምታረባ፣ የንብ ቀፎ የሰቀለች አለች። ሰሊጥና ማሽላ የምታመርትበት መሬት ያላት አለች። ወርቅ አጥባ ያገኘችውን አጠራቅማ ወፍጮ ያስተከለች ወይም ባጃጅ ያስገዛች አለች። በማኅበራችን የቁጠባ ደብተር ገንዘብ ያላት፣ በእቁብ ጭምር የምትሰበስብ፣ ባንክ የምታስቀምጥ፣ በቴሌብር ገንዘብ የምታንቀሳቅስ አለች። ለጎረቤት ያበደረች፣ ከጎረቤትም የተበደረች አለች። ይህ ሁሉ ውርስ ነው። ዕዳውም ጭምር! በሕጋችን ከሟች ንብረት ላይ መጀመሪያ የቀብሩ ወጪ፣ ቀጥሎ የውርሱ ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል። የተረፈው ነው ወደ ወራሽ የሚሄደው። ለማን ስንት እንዳለብን ካልጻፍን ልጆቻችን የሚያውቁት ባለ ዕዳው በራቸውን ሲያንኳኳ ነው።

ንብረት የለኝም የምትል እናት እንኳ ልጅ ካላት ኑዛዜ ያስፈልጋታል። አባትና እናት በሕይወት ካሉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አሳዳጊዎቹ እነሱ ናቸው። አንዳቸው ሲሞቱ የቀረው ብቻውን ያሳድጋል። እሱም ሲሞት ግን ልጁን ማን ይውሰደው? በሕይወት የቀረው ወላጅ ይህን በኑዛዜው መወሰን ይችላል። ካልወሰነ ሕጉ ዘመዶችን በቅደም ተከተል ይጠራል፤ ከተጣሉም ፍርድ ቤት ይመርጣል። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እህታችን አንድ ፍየል ባይኖራት እንኳ ይህን አንድ መስመር መጻፍ አለባት፦ «እኔ ባልኖር ልጆቼን እገሊት ታሳድግልኝ።» በዚህ ጉዳይ በድሃና በሀብታም መካከል ልዩነት የለም።

ሳንጽፍ ብንሞት ምን ይሆናል?

አሁን ብዙዎቻችሁን ሊያስደነግጥ ወደሚችለው ነገር እንምጣ። በአገራችን ውርስ የሚዳኘው ዛሬም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ኑዛዜ ያላደረገን ሰው በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ወንድም ሆነ ሴት፣ በጋብቻም ሆነ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ የጉዲፈቻ ልጅም ቢሆን እኩል ይወርሳል። ልጅ ከሌለ አባትና እናቱ ይወርሳሉ። እነሱም ከሌሉ ውርሱ ወደ ወንድሞቹና እህቶቹ ይሄዳል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባል ወይም ሚስት የሉም። ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም የሚስቱ አይደለም።

ይህ ማለት ሚስት ባዶ እጇን ትወጣለች ማለት አይደለም። በጋብቻ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ስለሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም የሷ ነው። በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የጋራ እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። ወደ ውርስ የሚገባው የባል ግማሽ ብቻ ነው። በቁጥር እንየው። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ቤትና ዕቃ 240,000 ብር ያወጣል እንበል። ባል ኑዛዜ ሳይተው ቢሞት 120,000 ብሩ የሚስት ነው። አራት ልጆች ካሉ ቀሪውን 120,000 ብር እያንዳንዳቸው 30,000 ብር ይወርሳሉ። ልጅ ከሌላቸውና የባል ወላጆች በሕይወት ካሉ አባቱ 60,000፣ እናቱ 60,000 ብር ይወርሳሉ። ሚስት ከባሏ ድርሻ አንድ ብር አታገኝም።

በወረቀት ላይ ይህ ቀላል ሂሳብ ነው። ነገር ግን ያ ንብረት አንድ ቤት ብቻ ቢሆንስ? ቤት በቢላ አይቆረጥም። ባሏ ከሌላ ሴት የወለዳቸው ልጆች ወይም ወላጆቹ ድርሻችንን ስጡን ቢሉ፣ ቤቱን ሃያ ዓመት የኖረችበት ሴት ወይ ገንዘብ አምጥታ ድርሻቸውን ትከፍላለች፣ ወይ ቤቱ ተሸጦ ትወጣለች። ሕጉ አልበደላትም፤ ያልተጻፈውን ነገር ሊያውቅ ስላልቻለ ነው። ባልየው በሕይወት እያለ «ከድርሻዬ ይህን ያህሉ ለሚስቴ ይሁን» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ይህን ማድረግ መብቱ ነው። ልጆቹን ግን በዝምታ መንቀል አይችልም። ልጅን ከውርስ የሚነቅል ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

አንድ ነገር ከዚህ ለይተን እንያዝ። የጡረታ መብት ያለው ሠራተኛ ሲሞት ለባል ወይም ለሚስት የሚከፈለው የተተኪ ጡረታ በጡረታ ሕግ የሚመራ ነው፤ ከውርስ ጋር አይደባለቅም። የሟቹን ጡረታ 50 በመቶ ሚስት ታገኛለች። ይህን ግን የምታገኘው ሚስትነቷን በሰነድ ማስረዳት ስትችል ነው።

በክልላችን ለምን ይበልጥ ያስፈልገናል?

አሶሳ፣ መተከል፣ ካማሺ፣ ማኦና ኮሞ ብለን ብንዞር በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው አለ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገውም አብሮ ይኖራል። እያንዳንዱ የየራሱ የውርስ ልማድ አለው። ቤተሰቦቻችን ደግሞ ተጋብተው ተዋልደዋል። በአንድ ቤት ውስጥ የባል ወገን አንድ ልማድ ሲጠብቅ የሚስት ወገን ሌላ ይጠብቃል። ሳይጻፍ የቀረ ነገር በዚህ መካከል የጠብ ምክንያት ይሆናል።

በአንዳንድ ቦታ ባል ሲሞት ሚስትን ለወንድሙ የማውረስ ልማድ አለ። ሴቲቱ እምቢ ስትል ንብረቱንም ልጆቹንም ትታ እንድትሄድ ይጠበቅባታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይናገራል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን ጨምሮ ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሚታዩ ይደነግጋል። ሴት የሚወርሳት ሰው የላትም፤ እሷ ራሷ ወራሽና አውራሽ ናት።

ከመካከላችን ሙስሊም እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ናት፦ ባሏ ልጆች ካሉት ከስምንት አንድ፣ ከሌሉት ከአራት አንድ ታገኛለች። ኑዛዜው ወይም ወሲያው ከንብረቱ ሲሶ አይበልጥም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይደረግም። ሁለቱ መንገዶች የየራሳቸው ስሌት እንዳላቸው ልብ በሉ። የትኛውን እንደምትመርጡ ከቤተሰባችሁና ከሃይማኖት አባቶቻችሁ ጋር በሕይወት ሳላችሁ ተነጋገሩበት። ፈቃዱ ግን የእያንዳንዱ ሰው ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ክርክር፣ ሴቲቱ ባልፈቀደችበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠውን ውሳኔ ሽሮታል። ያላፈቀደችን ሴት ማንም ሊያስገድዳት አይችልም።

መሬታችንስ? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የገጠር መሬት የመጠቀም መብት ግን ለቤተሰብ አባል ይወረሳል። ይህ በአዋጅ ቁጥር 456/1997 የተረጋገጠ ሲሆን፣ እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ቀጥሏል። መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም መዘጋጀት አለበት። እስቲ ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ ደብተሩን አውጥታችሁ እዩት። ስማችሁ አለ? ለመንገድ፣ ለማዕድን ወይም ለሌላ ልማት መሬት ሲለቀቅ ካሳ የሚጠየቀውም በዚያው ሰነድ ነው።

ባለፉት ዓመታት በመተከልና በካማሺ የደረሰውን መከራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ሰው ነፍሱን ብቻ ይዞ ወጥቷል። ደብተር፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ካርድ ከቤት ጋር ተቃጥሏል ወይም ጠፍቷል። ከዚያ የተማርነው ወረቀት በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ነው። በወረዳ መዝገብ የሰፈረ ይዞታ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የተቀመጠ ኑዛዜ፣ በሌላ ከተማ በዘመድ እጅ ያለ ቅጂ ከቤታችን ጋር አይቃጠልም።

ሌላም አለ። ልጆቻችን በሱዳን፣ በአረብ አገርም ተበትነዋል። ለፍተው በላኩት ገንዘብ እዚህ ቤት ይሠራል፤ ቤቱ ግን በወንድም ወይም በአጎት ስም ይመዘገባል። ያ ወንድም ቢሞት ቤቱ በእሱ ውርስ ውስጥ ይቆጠራል። ገንዘቡን የላከችው እህት የሷ መሆኑን የምታስረዳው ያኔ በክርክር ነው። ዝምድናው ሳይሻክር፣ ሁሉም በሕይወት እያለ፣ ቤቱ በባለቤቱ ስም ይመዝገብ።

ኑዛዜ እንዴት ይጻፋል?

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። ብዙ ኑዛዜ ዋጋ የሚያጣው በይዘቱ ሳይሆን በአሠራሩ ስለሆነ እዚህ ላይ በደንብ አድምጡን።

የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶቻችንም የሚሆነው ይህ ነው። ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ከዚያ ሳይለያዩ ወዲያውኑ ተናዛዡም ምስክሮቹም ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ የሚያረጋግጥ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። «ተነበበ» የሚለው ቃል ከቀረ፣ ወይም አንዱ ምስክር «ነገ እፈርማለሁ» ብሎ ከሄደ ድካማችሁ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ምስክሮቹ ከኑዛዜው የማይጠቀሙ ሰዎች ይሁኑ። እናታችን በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ተናግራ ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰሙ ምስክሮች ምረጡ።

ሁለተኛው ተናዛዡ በገዛ እጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጽፈው ነው። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መጻፍ፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። ምስክር አያስፈልገውም። ሆኖም በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ሞቱ የተቃረበ የመሰለው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው። አባት በሽማግሌዎች ፊት «ቤቱን ለልጄ ሰጥቻለሁ» ብሎ ቢናገር ቤቱ በዚያ ቃል አይተላለፍም። በቃል ኑዛዜ መወሰን የሚቻለው የቀብር ሥርዓትን፣ የልጆችን አሳዳጊና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው። ዛሬ በአሶሳ ገበያ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ተናጋሪው ድኖ 3 ወር ከቆየም የተናገረው ይፈርሳል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ኑዛዜ ማድረግ አይችሉም፤ ይፈርሳል። ተመካክራችሁ፣ ግን በየራሳችሁ ወረቀት ጻፉ። ልጅ ሲወለድ፣ ፍቺ ሲፈጸም፣ ንብረት ሲገዛ ወይም ሲሸጥ ደግሞ ኑዛዜውን አውጥታችሁ አድሱት።

ከኑዛዜው በፊት የሚቀድሙ ወረቀቶችም አሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌ ይካሄዳል። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። በባህል ወይም በሃይማኖት ሥርዓት የተጋባችሁ ትዳራችሁን አስመዝግቡ። ሚስት መሆናችሁን ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም ባንክና ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ማስረጃ ነው።

ምን እናድርግ?

ኮሚቴያችን ከአባላቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት እያንዳንዷ አባል ያላትን ንብረት፣ ያበደረችውን፣ የተበደረችውንና ወረቀቶቿ የት እንዳሉ በአንድ ገጽ ትጻፍ። መጻፍ የማትችለውን የሚጽፍላት ሰው ከመካከላችን እንመድባለን። ይህ ገጽ ኑዛዜ አይደለም፤ ለኑዛዜው ግን መነሻ ነው። ሁለተኛ፣ በቁጠባ ደብተራችሁ ላይ የቅርብ ሰው ስም አስሞሉ። ስሙ ማኅበሩ ማንን እንደሚጠራ ያሳውቀናል፤ የኑዛዜን ቦታ ግን አይተካም። ሦስተኛ፣ ኑዛዜ ለመጻፍ የወሰናችሁ አባላት ለአራት ለአራት ሆናችሁ ተደራጁ፤ አንዳችሁ ለሌላችሁ ምስክር ትሆናላችሁና። ተናዛዧ ስትቀነስ የሚጎድለውን አራተኛ ምስክር ከሌላ ቡድን ውሰዱ። ጉዳዩ የተወሳሰበባችሁ፣ ማለትም ከአንድ በላይ ትዳር ያለበት ቤት፣ ክርክር ያለበት መሬት ወይም ውጭ አገር ያለ ወራሽ ያላችሁ፣ ሳትጽፉ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። እንደ ኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ድርጅቶች አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ያደረጋችሁልን ድጋፍ ወፍጮ ሆኗል፣ ፍየል ሆኗል፣ ቆርቆሮ ቤት ሆኗል። አንዲት ሴት አሥር ዓመት ለፍታ ያቆመችው ነገር በሞቷ ማግሥት በክርክር ከተበተነ ልጆቿ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ስለዚህ ለሥልጠናና ለሕግ ምክር የሚወጣ ጥቂት ገንዘብ ቀድሞ የሰጣችሁትን የሚጠብቅ ነው።

ለባሎቻችንም ይህን ንገሯቸው፦ ኑዛዜ ይጻፍ ማለታችን እናንተን ለመቅበር መቸኮል አይደለም። እኛም እንጽፋለን፤ እኛም ሟቾች ነን። ማን ቀድሞ እንደሚሄድ ፈጣሪ ብቻ ያውቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ልጆቻችን በሐዘናቸው ላይ ክርክር እንዳይጨመርባቸው ዛሬ በሰላም ተቀምጠን እንጻፍ።